ቱ ቢሽቫት በቤታችን፦ በፈንድሻ አበባ፣ በሊጥ ሮማንና በሰፌድ

ልጄ ከጋን (ከመዋዕለ ህፃናት) ይዛ የመጣችውን የወረቀት ዛፍ ፍሪጁ ላይ ለጥፈነው እናቴ አየችውና «ይሄ ደግሞ የምን በዓል ነው?» አለችኝ። የዛፎች አዲስ ዓመት ነው ስላት በመስኮት ውጪውን አየት አደረገችና «በዚህ ዝናብ?» አለች። እውነቷን እኮ ነው፣ እሷ ባደገችበት በጎንደር ገጠር ጥር ማለት ሰማዩ ጥርት ያለበት፣ እህል ውድማ ላይ የሚወቃበት ወር ነው፣ እዚህ እስራኤል ደግሞ ዋናው ክረምት ነው። በዛ ላይ በዓሉን ጨርሶ አታውቀውም፣ ምክንያቱም ቤተ እስራኤል አገር ቤት የያዙት ኦሪትን ነው፣ ቱ ቢሽቫት ደግሞ የመጣው ከሚሽና፣ ከኦሪት በኋላ ከተሰበሰበው የሊቃውንት ህግ ነው። ስለዚህ ብዙ እናቶቻችን የጋን ነገር ነው፣ የልጆች ነው ብለው ዳር ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ግን ከዛን ቀን ወዲህ ስሰራው የማየው ተቃራኒውን ነው፣ ለዚህ በዓል ማጌጫና ገበታ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ማለት ስንዴው፣ ገብሱ፣ ቆሎው፣ ሰፌዱ፣ ጭቃው፣ ፈንድሻው እናቶቻችን እጅ ላይ ያለ ነው። ልጆቹ ስሙን በዕብራይስጥ ያውቁታል፣ ነገሩን ግን በእጃቸው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ይሄ መመሪያ ሳፍታን (አያትን) መሀል አስቀምጦ የሚሰራ ነው፣ ሳፍታ አጠገባችሁ ከሌለች በስልክ ቪዲዮ አስገቧት፣ እኛም አንድ አመት እንደዛ አድርገናል።

መጀመሪያ ቀኑ መቼ ነው

ስሙ ራሱ ቀን ነው። ሽቫት የወሩ ስም ነው፣ ቱ ደግሞ ሁለት ፊደል ነው፣ ጤት 9 ነው ዋው 6 ነው ሲደመር 15። በተለመደው አቆጣጠር 15 በዮድና በሄ መፃፍ ነበረበት ግን እነዚህ ሁለቱ የፈጣሪ ስም ፊደሎች ስለሆኑ አይደረግም፣ በ9 እና በ6 ይፃፋል። እንግዲህ የሽቫት 15ኛው ቀን ማለት ነው። በኛ አቆጣጠር ከጥር ሁለተኛ ሳምንት እስከ የካቲት መጀመሪያ ባለው ውስጥ ይዞራል። በ2027 ጃንዋሪ 23 ላይ ይውላል፣ ጥር 15 ማለት ነው፣ የሚገባው ግን እንደ ሁሉም በዓል ዋዜማው ማታ ነው። ልብ በሉ ይሄ ቀን ቅዳሜ ነው! ስለዚህ ሻባት ለሚያከብር ቤት መቁረጡም መለጠፉም ቀለሙም ሁሉ አርብ ከሰዓት በፊት አልቆ መሰቀል አለበት። ይሄን መጀመሪያ ያልኩት ሰው ሁሌ «በበዓሉ ቀን ከልጆቹ ጋር እንሰራለን» ብሎ ስለሚያስብ ነው።

ለምን በዚህ ወር ሆነ ላላችሁ፣ ሚሽና ውስጥ አራት አዲስ አመቶች ተቆጥረዋል፣ የዛፉን ቤት ሻማይ የሚባለው የሊቃውንት ወገን በሽቫት 1 ነው ሲል ሌላው ወገን ቤት ሂሌል በ15 ነው አለ፣ የፀናው የቤት ሂሌል ነው። ምክንያቱ የአመቱ አብዛኛው ዝናብ እስከዚህ ድረስ ስለሚወርድና ከዚህ በኋላ ዛፉ ውሃውን ስቦ ፍሬ ለመያዝ ስለሚነሳ ነው። ለገበሬው የሂሳብ ቀን ነበር፣ የፍሬ አስራት የትኛው አመት ላይ ይገባል፣ የተተከለ ዛፍ ስንት አመቱ ነው የሚለው ከዚህ ነበር የሚቆጠረው፣ ምክንያቱም ዘሌዋውያን 19 ላይ እንደተፃፈው የመጀመሪያዎቹ 3 አመታት ፍሬ አይበላም። ይሄንን ለእናቴ ሳስረዳት ወዲያው ገባት፣ ለልጄ ግን ረጅም ጊዜ ወሰደባት። አስራትና የመጀመሪያ ፍሬ ምን እንደሆነ ከኦሪት የምታውቀው ነገር ነዋ።

ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚጀመር ስራ

አብዛኛው ሰው በዋዜማው ነው የሚሯሯጠው። ሁለት ነገር ግን ቀደም ብሎ ካልተጀመረ አይደርስም፦

አንደኛው ፍሬ ዘር መሰብሰብ ነው። ቤት ውስጥ ተምር በተበላ ቁጥር ፍሬውን አትጣሉት፣ የወይራውንም እንደዛው። በሙቅ ውሃ ከትንሽ ሳሙና ጋር ፈትጋችሁ እጠቡ፣ በተለይ የወይራው ዘይት ስላለው ሁለት ጊዜ ይታጠብ፣ ከዛ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ሦስት አራት ቀን ይድረቅ። ከየአይነቱ 20 ያህል ይበቃል። በደንብ ሳይደርቅ ማሰሮ ውስጥ ከከደናችሁት ይሻግታል።

ሁለተኛው የደረቀ ቅርንጫፍ ነው። ወደ 60 ወይም 70 ሴንቲ የሚሆን፣ ብዙ ትናንሽ ጣቶች ያሉት። እባካችሁ ከቆመ ዛፍ ላይ አትስበሩ፣ የለውዝ አበባ በመንገድ ዳር ሲፈካ አይቶ ሰው ሁሉ እጁን ይልካል። በዘዳግም 20 በጦርነት ጊዜ እንኳን የፍሬ ዛፍ አትቁረጥ ተብሎ ተፅፎ በዛፍ በዓል ዛፍ መስበር በጣም ያሳዝነኛል። ክረምት ላይ ነፋስ የጣለው ቅርንጫፍ በየመናፈሻው ሞልቷል፣ የከተማ አትክልተኞችም ገረዛ የሚያደርጉበት ጊዜ ነው፣ ቆርጠው ከከመሩት ላይ ብትጠይቋቸው ይሰጧችኋል። ቤት አምጥታችሁ አራግፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉትና በረንዳ ላይ ይድረቅ።

የፈንድሻው አበባ

እስራኤል ውስጥ ቀድሞ በማበብ የሚታወቀው ዛፍ ሻኬድ ነው፣ በመፅሐፍ ቅዱስ አማርኛ ለውዝ የሚባለው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ላንሳ፣ እኛ በተለምዶ ለውዝ የምንለው ኦቾሎኒውን ስለሆነ ልጆቹ ሻኬድ ሲሉ እናቶች ሌላ ነገር ይመስላቸዋል። የአሮን በትር አብቦ ያፈራው፣ በዘኁልቁ 17 ያለው፣ እሱ ነው ሻኬድ። ዕብራይስጡም ውስጥ ሉዝ የሚል ስም አለ፣ ያዕቆብ በትሮቹን ሲልጥ በዘፍጥረት 30 ላይ ከተጠሩት ዛፎች አንዱ ነው፣ ለውዝና ሉዝ ዘመዳሞች ናቸው። አበባው ነጭ ሆኖ ወደ ውስጥ ሮዝ ይላል፣ ቅጠል ሳይወጣ ነው የሚፈካው፣ ለዛ ነው ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ አበባ ብቻ ስንለጥፍ እውነተኛውን የሚመስለው።

ጋን ውስጥ በሶፍት ወረቀት ነው የሚሰሩት። እኛ ቤት ግን ፈንድሻ ነው፣ ቡና በተፈላ ቁጥር ከአጠገቡ የማይጠፋው ፈንድሻ፣ እና በእውነት ከወረቀቱ ይበልጥ ያምራል።

ሩብ ኩባያ የፈንድሻ በቆሎ ለአንድ ቅርንጫፍ ከበቂ በላይ ነው። ያለ ዘይትና ያለ ጨው ነው የሚፈነዳው፣ ወፈር ያለ ድስት አግሉ፣ በቆሎውን ጨምራችሁ ክደኑ፣ ድስቱን ሳታቆሙ አወዛውዙ። ይሄ ዘይት አይግባ የሚለው ቀላል ነገር አይደለም፣ እኔ በመጀመሪያው አመት እንደወትሮው በዘይት ጨው አድርጌ አፈንድቼ ማታ ለጠፍነው፣ ጠዋት ስንነሳ ግማሹ ወለሉ ላይ ነበር፣ ልጄም አለቀሰች። ቅባት ያለው ነገር ኮላ አይዝም።

ፈንድሻው በደንብ ሲቀዘቅዝ ትልልቁን ምረጡ። ትንሽ ሳህን ላይ ነጭ የእንጨት ኮላ አፍስሱ። ልጁ የፈንድሻውን ታች ኮላው ውስጥ ነካ ያደርግና ቅርንጫፉ ላይ ያስቀምጣል፣ እስከ 20 ድረስ እየቆጠረ በጣቱ ይያዝ፣ ከዛ ይለቃል። አንድ ቦታ ላይ አታከማቹ፣ እውነተኛው አበባ በየጣቱ አንድ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚቀመጠው። አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ሁለት ሰዓት ካደረቃችሁ በኋላ ገልብጡና ሌላውን ጎን ስሩ። የሙቅ ማጣበቂያ ያላችሁ ቶሎ ያልቅላችኋል ግን በትልቅ ሰው እጅ ብቻ ይሁን፣ ያቃጥላል። ሲደርቅ ሮዝ ጉዋሽ (የውሃ ቀለም) በውሃ አቅጥናችሁ በቀጭን ብሩሽ የእያንዳንዱን አበባ መሀል ብቻ ጠብ አድርጉ፣ ብሩሹ በጣም ከራሰ ፈንድሻው ሟሙቶ ይጨማደዳል፣ ስለዚህ ብሩሹን መጀመሪያ ጨርቅ ላይ ጠረግ አድርጉት። ቅርንጫፉን ጀበና መሳይ ሸክላ ወይም ማሰሮ ውስጥ በጠጠር አቁሙትና ገበታው መሀል ይቀመጥ።

ኮላ የነካውን ማንም እንዳይበላ ለሚበላው ለብቻው ሌላ ሳህን አስቀምጡ፣ ልጆቹ እየሰሩ እጃቸው ወደ አፋቸው መሄዱ አይቀርም። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ፈንድሻም ሆነ ያልተፈጨ ለውዝ ስለሚያንቅ አይሰጥም፣ እነሱ የወረቀቱን አበባ ይስሩ፣ ነጭ ሶፍት 4 ሴንቲ በ4 ሴንቲ ቆርጣችሁ ሦስቱን ደርባችሁ መሀሉን ጠምዘዝ ማድረግ ነው በቃ።

ሰባቱ፣ በሁለት ቋንቋ

የበዓሉ ልብ ይሄ ነው ለኔ። ዘዳግም 8 ላይ ምድሪቱ የተመሰገነችባቸው ሰባት ነገሮች አሉ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ወይን፣ በለስ፣ ሮማን፣ ወይራ፣ እና ማር፣ ማሩን ሊቃውንቱ የተምር ማር ነው ብለው ፈትተውታል። ከነዚህ በክር የሚሰቀል ጌጥ እንሰራለን።

ወፍራም ብሪስቶል (ጠንካራ የሥዕል ወረቀት) ወይም የብስኩት ካርቶን ላይ የሻይ ማስቀመጫ ገልብጣችሁ በእርሳስ ሰባት ክብ ሳሉ፣ 12 ሴንቲ ያህል ይሁን፣ ቁረጡ፣ ከላይ በኩል በመብሻ ሁለት ቀዳዳ አድርጉ። ከዛ ሥዕል አንስልም፣ እውነተኛውን ነገር ነው የምንለጥፈው። በስንዴው ክብ ላይ ኮላ በዛላ ቅርፅ አፍስሳችሁ የስንዴ ፍሬ ከላዩ መበተንና ትርፉን ማራገፍ። በገብሱ ላይም እንደዛው፣ ያልተፈተገ ገብስ ካገኛችሁ ይበልጣል ምክንያቱም ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ልጁ ልዩነቱን ያያል፣ እናቴ እዚህ ጋ ስትደርስ የትኛው ለጠላ፣ የትኛው ለበሶ፣ የትኛው ለቆሎ እንደሚሆን ማስተማር ጀመረች፣ እኔም የማላውቀው ነበር። ለወይኑ ሐምራዊ ክሬፕ ወረቀት በጣት አሽታችሁ ትናንሽ ኳስ፣ ወደ 15 ያህል። ለወይራና ለተምር ያጠራቀማችሁት ፍሬ ዘር። ለበለሱ የደረቀ በለስ ለሁለት ከፍላችሁ የተቆረጠውን ፊት ቡናማ ጉዋሽ ቀብታችሁ እንደ ማህተም መምታት ነው፣ ለሮማን ደግሞ ቀዩን ወረቀት በሮማን ቅርፅ ቆርጣችሁ መሀሉን ክፍት አድርጋችሁ ከውስጡ የደረቀ ቀይ ምስር መለጠፍ፣ ፍሬውን ቁርጥ ይመስላል።

ከስር ስሙ ይፃፋል፣ በአማርኛና በዕብራይስጥ። ልጁ ዕብራይስጡን ይፃፍ፣ ሳፍታ ወይም እናንተ አማርኛውን። ስንዴ ሒታ፣ ገብስ ሰዖራ፣ ወይን ጌፈን፣ በለስ ቴኤና፣ ሮማን ሪሞን፣ ወይራ ዛይት፣ ተምር ታማር። አሁን ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። ሮማን ሪሞን! ተምር ታማር! የወይን ተክሉ ጌፈን ቢሆንም መጠጡ ያይን ነው የሚባለው፣ ወይን ያይን፣ ዛይትም የኛ ዘይት ነው። ዕብራይስጥ አልገባ ብሏት ለስንት ጊዜ አንገቷን የደፋች እናት «ይሄማ የኛው ቃል ነው» ብላ ስትስቅ ማየት ለኔ ከጌጡ ሁሉ ይበልጣል።

በለስ ላይ ተጠንቀቁ። ብዙ ኢትዮጵያዊ በለስ ሲባል እሾሃሙን ቁልቋል ነው የሚያስበው፣ እሱ እዚህ ሳብረስ ነው የሚባለው፣ ከሰባቱ ውስጥ የለበትም። ቴኤና የዛፍ በለስ ነው፣ የሾላና የዋርካ ዘመድ። ወይራም ቢሆን አገር ቤት የምናውቀው ዱሩን ነው፣ የወተት እቃ የሚታጠንበትን፣ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ሰው አይበላውም፣ ዝርያው ግን አንድ ነው። ይሄን ለልጆች ንገሯቸው፣ እቤት ትንሽ የወይራ እንጨት ካላችሁ አሽቷቸው።

ሲደርቁ በሲባጎ እየሰካችሁ በቅደም ተከተሉ መስኮት ላይ ስቀሉ። ከስንዴ ጀምሮ በተምር ያልቃል።

የሊጥ ሮማን

የጎንደር ወለቃ ሴቶች ከጭቃ ትናንሽ ሰውና እንስሳ እየሰሩ ለሸማች ያቀርቡ ነበር፣ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሰሪነት ስሙ የወጣ ነው። በስድብም ጭምር ነበር ስማቸው የሚነሳው፣ ሸክላ ሰሪ ቡዳ ነው እየተባለ። እኔ ይሄን ለልጆቼ አልደብቅም፣ ጭቃ በእጃቸው ይዘው ሲያበጁ ነው የምነግራቸው፣ ይሄ የኩራት ሙያ ነው እያልኩ።

አፓርታማ ውስጥ ጭቃ ማቃጠል ስለማይቻል በጨው ሊጥ እንሰራዋለን። 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ደቃቅ ጨው፣ 1 ኩባያ ለብ ያለ ውሃ። ውሃውን በአንዴ አታፍስሱት፣ እያያችሁ። 10 ደቂቃ ታሹታላችሁ፣ እጅ ላይ የማይጣበቅ ለስላሳ መሆን አለበት፣ ከተጣበቀ ዱቄት ከተሰነጠቀ ጠብታ ውሃ። ከዛ በዋልነት ፍሬ መጠን ድቡልቡል አድርጉ፣ ከላይ በሁለት ጣት ቆንጠር አድርጋችሁ አንገት አውጡለት፣ የአንገቱን ጫፍ በመቀስ ጫፍ አምስት ስድስት ቦታ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጋችሁ ወደ ውጪ ግልጥ ስታደርጉት የሮማን ዘውድ ይሆናል። ከአንገቱ ስር በስቴኪኒ ከግራ ወደ ቀኝ አሳልፋችሁ ብሱት፣ ክር የሚገባበት ነው፣ ሳይደርቅ ነው የሚበሳው ከደረቀ በኋላ ይሰበራል። ልጆቹ ወፍ፣ በግ፣ እንጀራ ጋጋሪ ሴትዮም ቢሰሩ ፍቀዱላቸው።

ምድጃው 100 ዲግሪ ላይ ሆኖ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ መሀል ላይ አንዴ አገላብጡ። እሳቱን ከፍ ካደረጋችሁት ይነፋና ይሰነጠቃል፣ እዚህ ላይ ትዕግስት ነው የሚያስፈልገው። ሲቀዘቅዝ ቀይ ጉዋሽ፣ ዘውዱ ላይ ትንሽ ቡናማ። ከበዓሉ በኋላ በደረቅ ጣሳ ውስጥ ከተቀመጠ ለሚቀጥለው አመት ይደርሳል፣ እርጥበት ከነካው ግን ጨው ስለሆነ ይሟሟል።

ሰፌዱ

ፍሬው የሚቀርብበት ሳህን አትግዙ። ግድግዳ ላይ ለጌጥ የተሰቀለው ሰፌድ ይውረድ። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አውጡ፣ ውሃ አይንካው፣ መሀሉ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት ክብ ቆርጣችሁ አንጥፉ፣ የፍሬው ማርና ዘይት ስፌቱን እንዳያበላሽ። የሰፌዱ ቀለም ራሱ ክብ ክብ ስለሚዞር ፍሬውንም በዛው ክብ ደርድሩት፣ ከዳር ጠንካራ ቅርፊት ያለው፣ ቀጥሎ ፍሬ ዘር ያለው፣ መሀል ላይ ሙሉውን የሚበላው። ለምን እንደዛ እንደሆነ ገበታው ጋ ስንደርስ ይገባችኋል።

ልጆቻችሁ ከ8 ዓመት በላይ ከሆኑ ትንሽ የስኒ ማስቀመጫ ስፌት መሞከር ይችላሉ፣ አክርማና ሰንደዶ እዚህ አይገኝም ግን የእደ ጥበብ እቃ ሱቅ ራፊያ ይሸጣል። ራፊያውን 10 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ንከሩ። እንደ እርሳስ የሚወፍር ገመድ ለመሀሉ ውሰዱ፣ ጫፉን 5 ሴንቲ ያህል በራፊያ ጠምጥሙ፣ በራሱ ላይ ጥቅልል አድርጉና በወፍራም መርፌ መሀሉን ውጉት። ከዛ ሁለት ዙር ገመዱን መጠምጠም፣ ሦስተኛውን ከስር ያለውን ዙር ወግቶ ማሰር፣ እንዲህ እያለ ይዞራል። 10 ሴንቲ የሚሆነው አንድ ሙሉ ከሰዓት ይፈጃል። ይሄንን ከኔ ፅሁፍ ሳይሆን ወስፌ ይዞ ከሚያውቅ ሰው እጅ ነው መማር ያለባችሁ፣ እኔ መንገዱን ነው ያሳየኋችሁ።

ገበታው

በ1500ዎቹና በ1600ዎቹ በጽፋት ከተማ ከነበሩ የካባላ (የአይሁድ ምስጢራዊ ትምህርት) ሊቃውንት የመጣ የቱ ቢሽቫት ሰደር፣ ማለት በስርዓት የሚሄድ ገበታ አለ፣ እንደ ፋሲካው አራት ፅዋ ያለው። ፍሬዎቹን በሦስት ይከፍሏቸዋል፣ አራተኛው ፍሬ የለውም። እኛ ቤት በአንድ ሰዓት ውስጥ እናደርሰዋለን፣ ለልጆች ከዛ በላይ አይቻልም።

ለሁሉም ሰው አንዳንድ ብርጭቆ፣ ነጭና ቀይ ወይን፣ ለልጆች ነጭና ቀይ የወይን ጭማቂ። የመጀመሪያው ፅዋ ነጭ ብቻ ነው፣ ክረምቱን ይመስላል፣ ከሱ ጋር ውጪው ጠንክሮ ውስጡ የሚበላው፣ ሻኬድ፣ ዋልነት፣ ሮማን። ሁለተኛው ፅዋ አብዛኛው ነጭ ሆኖ ቀይ ጠብ ይደረግበታል፣ ይሄን ልጆቹ ራሳቸው በማንኪያ ያድርጉት፣ ቀለሙ ሲቀየር ማየት ይወዳሉ፣ ከሱ ጋር ውጪው ለስላሳ ሆኖ ውስጡ ፍሬ ዘር ያለው፣ ተምር፣ ወይራ፣ የደረቀ ሚሽሚሽ (አፕሪኮት)። ሦስተኛው አብዛኛው ቀይ ሆኖ ትንሽ ነጭ ያለበት፣ ሙሉውን የሚበላ፣ በለስ፣ ወይን፣ ዘቢብ። አራተኛው ቀይ ብቻ። በዚህኛው አይበላም፣ መዓዛ ብቻ የሚያሸቱ አሉ፣ እኛ እዚህ ላይ ጤናዳም፣ ኮረሪማና ቀረፋ በትንሽ ሙዳይ አድርገን እናዞራለን፣ ቤቱ ሁሉ ያውዳል።

ስንዴና ገብስ ብዙ ገበታ ላይ ይረሳሉ፣ ፍሬ ስላልሆኑ ነው መሰለኝ ሱቅ የሚሸጠው የደረቀ ፍሬ ፓኬት ውስጥ የሉም። በኛ ቤት ግን የስንዴ ዳቦና የገብስ ቆሎ አለ! ሰባቱም ሙሉ የሚሆኑት ኢትዮጵያዊ ቤት ውስጥ ነው ብል አላጋነንኩም። ቡራኬውም ከስንዴው ይጀምራል፣ ዳቦ ካለ እጅ ታጥቦ ሃሞፂ የሚባለው የዳቦ ቡራኬ ይባላል። የፍሬው ቡራኬ ቦሬ ፕሪ ሃኤፅ ነው፣ ከፍሬዎቹ ወይራ ይቀድማል፣ ቀጥሎ ተምር፣ ወይን፣ በለስ፣ ሮማን። ይሄ ቅደም ተከተል በጥቅሱ ውስጥ ምድር ከሚለው ቃል ማን ይቀርባል በሚለው የተያዘ ነው። በዚህ ወቅት ገና ያልቀመሳችሁት አዲስ ፍሬ ካለ ሼሄሄያኑ የሚባለው የአዲስ ነገር ቡራኬም ይጨመራል።

የደረቀ በለስና ተምር ከመቅረቡ በፊት ከፍታችሁ በብርሃን እዩት፣ ትል ይገባበታል። ወደ ሹክ (ገበያ) ስትሄዱ ደግሞ በስኳር የተለበጠውን በየቀለሙ የሚያብረቀርቀውን ሳይሆን ተፈጥሮ መልኩን የያዘውን ግዙ፣ ዋጋውም ጣዕሙም ይሻላል።

እያንዳንዱ ፅዋ ሲደርስ አንድ ልጅ ተነስቶ ከተሰቀለው ክብ ላይ አንዱን ይጠቁምና ስሙን በሁለቱ ቋንቋ ይበል። ከዛ ትልቅ ሰው ስለዛ እህል ወይ ዛፍ የሚያውቀውን ይንገር። አጎቴ ስለ ገብስ አጨዳ ማውራት ጀምሮ ሦስተኛውን ፅዋ ለግማሽ ሰዓት ያቆመበት አመት አለ፣ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሲሰሙት ማንም አላቋረጠውም።

መትከሉስ

በዚህ ቀን ዛፍ መትከል የተጀመረው በ1890 ነው፣ ዜኤቭ ያቬፅ የሚባል መምህር ተማሪዎቹን ይዞ በዚኽሮን ያዕቆብ ወጥቶ ተከለ፣ በ1908 የመምህራን ማህበር የሁሉም ትምህርት ቤት ልማድ አደረገው። ዛሬ ኬሬን ካዬሜት የሚባለው ዛፍ ተካይ ድርጅት በየጫካው የተከላ ቀን ያዘጋጃል፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ፣ ቦት ጫማና ቅያሪ ካልሲ ግን አትርሱ ጭቃው ከባድ ነው። የሽሚታ አመት ላይ፣ ማለት መሬት በሚያርፍበት ሰባተኛው አመት፣ ግን አይተከልም፣ የሚቀጥለው 2028 መስከረም አካባቢ የሚገባው ነው፣ ስለዚህ በ2029 ክረምት ለሚውለው ቱ ቢሽቫት ጌጥና ገበታ ብቻ ነው የሚኖራችሁ።

ግቢ ለሌለን በረንዳ ላይ የሚሆን ደስ የሚል ልማድ አለ፣ ፔትሮሲሊያ (ፓርስሊ) ዘርቶ ለፋሲካ ሰደር ማድረስ። የቲማቲም ጣሳ ታጥቦ ስሩ በሚስማር አራት አምስት ቦታ ይበሳ፣ ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ ፕላስተር ይደረግበት፣ ልጆቹ ቀለም ይቀቡት። ዘሩን አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ካልራሰ በጣም ይዘገያል። አፈሩን ከጠርዙ 2 ሴንቲ አጉድላችሁ ሙሉ፣ ዘሩን በትኑ፣ ግማሽ ሴንቲ አፈር ከላዩ፣ በመርጫ አርጥቡ፣ ብርሃን ያለበት መስኮት ጋ ይሁን። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ምንም ላይታይ ይችላል፣ ልጆች ሞተ ብለው ሊደፉት ይፈልጋሉ፣ ጣሳው ላይ ቀኑን ፃፉበት። በተለመደው አመት ከቱ ቢሽቫት እስከ ፋሲካ ሁለት ወር ነው፣ በ2027 ግን አዳር የሚባለው ወር ሁለቴ ስለሚሆን ሦስት ወር አላችሁ፣ በደንብ ይደርሳል።

የተረፈውን ኮላ ያልነካውን ፈንድሻና የዳቦ ፍርፋሪ አርብ ከሰዓት ለወፎች መስኮት ላይ አስቀምጡላቸው፣ በ2027 የሚውልበት ሻባት «ሻባት ሺራ» (የባህሩ መዝሙር ከኦሪት የሚነበብበት ሻባት) ስለሆነ ወፍ ማብላት ልማድ ነው። ቅርንጫፉን ደግሞ አትጣሉት፣ ፈንድሻውን አራግፋችሁ ከቁም ሳጥን ጀርባ አቁሙት፣ እኛ የያዝነው አሁን አራተኛ አመቱ ነው።